ጂም ሳይገቡ ደብረ ብርሃን ላይ ክብደት መቀነስ

ክብደቴ አልቀንስ ብሎ አስቸገረኝ። ጂም ገባሁ፤ ወርሃዊ ክፍያው ኪሴን ጎዳው፣ ትሬድሚሉም ሰለቸኝ። ቀጥሎ በንጋት ሩጫ ሞከርኩ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ የጥቅምት ውርጭ ደግሞ ጉሮሮ ይልጣል። ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ተውኩት።

የሠራልኝ ፈጣን እርምጃ ነው። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ከጎረቤቴ ጋር ዳገቱን እንወጣለን። ማውራት ችለን መዝፈን ካቃተን ፍጥነቱ ልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ይላል፤ ወሬ ካለ ሳይታወቅ ይሞላል። ክረምት ጭቃው ሲብስ ቤት ውስጥ እስክስታ ነው። ትከሻ ብቻውን ላብ አያወጣም፣ እግርም ይጨመር። ሲመለሱ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ከተከተለ ግን ሚዛኑ ንቅንቅ አይልም። እኔ ሻዩን ያለ ስኳር፣ ቆሎውን በእፍኝ ለክቼ ነው። ቀበቶዬ አሁን አዲስ ቀዳዳ ፈልጓል።