ለልብ ወለዳችሁ ዋና ከተማ የመኳንንት ጎዳና ስትፈጥሩ

የፈጠራ አገር አላችሁ፣ ዋና ከተማም አለው እንበል። አሁን ባለሥልጣኑና ባለጸጋው የሚኖርበት አንድ ትልቅ ጎዳና ያስፈልጋችኋል። ብዙ ጀማሪ ጸሐፊ ቶሎ ብሎ እብነ በረዱን መደርደር ይጀምራል። ግዴላችሁም፣ እሱ ይቆይ። መጀመሪያ እነዚህ ሰዎች ለምን እዚህ እንደሰፈሩ ወስኑ። ቤተ መንግሥቱ ስለቀረበ ነው? ነፋሻ ስለሆነ? ወይስ ንጉሡ መሬቱን ስለሰጣቸው? ይህ ካልታወቀ ጎዳናው ፖስት ካርድ ሆኖ ይቀራል።

በሃንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት ያለው አንድራሺ ጎዳና ጥሩ አስተማሪ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1872 ተጀምሮ በ1876 ተመረቀ። ከመሃል ከተማ ስትነሡ ፎቆቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘዋል፤ ጎዳናው ጫፍ ላይ ወዳለው መናፈሻ ስትቀርቡ ግን ቤቶቹ እየተራራቁ፣ ከመንገዱም ወደ ውስጥ እየገቡ ይሄዱና በአትክልት የተከበቡ ቪላዎች ይሆናሉ። ገጸ ባሕርያችሁን እንዲህ ባለ መንገድ ላይ በእግሩ አስኪዱት። ማን ከማን እንደሚበልጥ አንባቢው ከአጥሩ ይረዳዋል፣ እናንተ መናገር የለባችሁም። ደግሞ በዚያ ጎዳና ላይ ትራም ይለፍ ሲባል ውበቱን ያበላሻል ተብሎ ተከለከለና ባቡሩ በ1896 ከመሬት በታች ገባ። የነዋሪዎቹን ጉልበት ለማሳየት እንዲህ ያለ አንድ ክልከላ ከአሥር ገጽ መግለጫ ይሻላል።

ቀጥ ያለ ጎዳና ግን የግድ አይደለም። የኛን አዲስ አበባ አስቡት። ምኒልክ ግቢያቸውን ከፍታ ላይ ሲያደርጉ መኳንንቱም በየፊናቸው ከፍ ያለ ቦታ ይዘው ሰፈሩ፤ ወታደሩ፣ አሽከሩ፣ ጠጅ ጣዩ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ ደግሞ በጌታው ዙሪያ ጎጆ ቀለሱ፤ ከዚያ የጌታው ስም የሰፈሩ ስም ሆነ፣ እንደ ደጃች ውቤ ሰፈር። እንዲህ ባለ ከተማ ባለጸጋና ድሃ የሚለያዩት በአንድ አጥር ብቻ ነው። ለታሪክ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። የጌታው ልጅና የአሽከሩ ልጅ በአንድ ቀዳዳ ይተያያሉ።

አሁን ወደ በሩ ኑ። እኔ በጣም የምወደው ቦታ እሱ ነው፣ ምክንያቱም በኛ ባህል የትልቅ ሰው ቤት ኃይል የሚታየው ሳሎኑ ውስጥ ሳይሆን ደጁ ላይ ነው። ደጅ የሚጠናው ሰው የት ይቆማል? ጥላ አለው ወይስ ፀሐይ ላይ ነው? ስንት ቀን ሆነው? እጅ መንሻውን ማን ይቀበለዋል? እስከ ደረጃው የሚዘልቀው ማን ነው፣ ከበር የሚመለሰውስ? ደጅ ጠኚው ከዘበኛው ጋር ሲነጋገር «አንተ» ይለዋል ወይስ «እርስዎ»? እነዚህን በደንብ ከጻፋችሁ የሳሎኑን መጋረጃ ቀለም ማንም አይጠይቃችሁም።

የኋላውን በር አትርሱ። ውኃ፣ ማገዶና አህያ በዚያ ነው የሚገቡት። የቤቱን ምስጢር ሁሉ የሚያውቁትም በዚያ የሚመላለሱት ናቸው።

በመጨረሻ ጎዳናውን አስረጁት። የኃያላን ሰፈር ባለቤቱን ሳይቀይር አይቆይም። ዋሽንግተን ውስጥ ማሳቹሴትስ ጎዳና ላይ የወርቅ ማዕድን ባለሀብቱ ዎልሽ እ.ኤ.አ. በ1903 የጨረሰው መኖሪያ ዛሬ የኢንዶኔዥያ ኤምባሲ ነው። አንድራሺም እ.ኤ.አ. በ1950 የስታሊን ጎዳና ተብሎ ነበር፤ ስሙን መልሶ ያገኘው በ1990 ነው። በኛም አገር በሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፣ ብዙ ቤትም የቀበሌ ሆነ። ስለዚህ ከጎዳናችሁ አንድ ቤት ምረጡና ሦስት ባለቤት ስጡት፦ የሠራውን፣ የወረሰውን፣ አሁን በኪራይ ያለውን። ሽማግሌው መንገዱን በድሮ ስሙ ይጥራው፣ የልጅ ልጁ በአዲሱ። ታሪኩን ከሦስተኛው ሰው ጀምሩ፤ ግድግዳው ላይ የቀረውን የፎቶ ምልክት እያየ ማን እንደነበረ የሚጠይቀው እሱ ነው።