አኖዷ ሳትነካ ሞተሩ ሲበላ፦ በሎጎ ሐይቅ ለምንሠራ ጀልበኞች

አንድ አያ ሞተራቸውን በባጃጅ ጭነው ከሐይቅ ከተማ ደሴ ድረስ አመጡልኝ። 15 ፈረስ ጉልበት ያለው፣ ከጀልባው ኋላ የሚንጠለጠለው ዓይነት ነው። ውሃ ውስጥ የሚገባው የእግሩ ቀለም እንደ እንጀራ ዓይን አውጥቷል። አንዱን ዓይን በጥፍሬ ብጭረው ከሥሩ ነጭ ዱቄት ረገፈ። ከፕሮፔለሩ በላይ የታሰረችው አኖድ፣ በሞተሩ ፈንታ እንድትበላ የምትታሰረው ቁራጭ ብረት፣ ግን ትናንት ከካርቶን የወጣች ትመስላለች። "ይቺ እንኳ ደግ ዕቃ ናት፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ንክች አላለችም" አሉኝ በኩራት። "አያ፣ እሷ ባለመነካቷ እኮ ነው እግሩ የተበላው" ብላቸው ያሾፍኩባቸው መሰላቸው።

አልፈርድባቸውም። ሌላው ዕቃ ሁሉ ሳይበላ ሲቆይ ይመሰገናል። አኖድ ግን የሞተሩ ቤዛ ናት፤ የተገዛችው እንድትበላ ነው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተነካክተው ውሃ ውስጥ ሲገቡ እንደ ባትሪ ይሆናሉ፤ ደካማው እየሟሟ ጠንካራውን ያድናል። የሞተሩ እግር አሉሚኒየም ነው፣ የፕሮፔለሩ ዘንግ የማይዝግ ብረት ነው፤ ሁለቱን ብቻቸውን ብትተዋቸው የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ከአሉሚኒየሙም የባሰ ደካማ ብረት እናስርና ጉዳቱን እሱ ይቀበላል። ቤትህን የከደንክበት ቆርቆሮ በዚሁ ነው የሚኖረው። ቆርቆሮ ዚንክ የተቀባ ብረት ነው፤ በመቀስ የተቆረጠው ጠርዝ ላይ ብረቱ ራቁቱን ቢሆንም ዙሪያው ያለው ዚንክ እየተበላለት ዓመታት ሳይዝግ ይቆያል። ዚንኩ ሲያልቅ ነው ጣሪያው የሚቀላው።

እንግዲህ አኖድ እንድትሠራ ሦስት ነገር ትፈልጋለች፦ ለውሃው የሚስማማ ብረት መሆን፣ ከሞተሩ ብረት ጋር ያለ ከልካይ መነካካት፣ ውሃ ውስጥ መሆን። ከታች የምጽፈው ብልሽት ሁሉ ከነዚህ የአንዱ መጉደል ነው ማለት ይቻላል።

ምልክት፦ አኖዷ አዲስ ትመስላለች፣ የእግሩ ቀለም ግን ያብጣል፣ ነጭ ዱቄት ይወጣል

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ በሎጎ ሐይቅ ዋናው በሽታ ይኼ ነውና።

የመጀመሪያው ምክንያት የተሳሳተ ብረት ነው። ብዙ ሞተር ለባሕር ታስቦ የተሠራ የዚንክ አኖድ ታስሮበት ይመጣል። ዚንክ ጨው ባለበት ውሃ ጎበዝ ነው። ጨው በሌለበት ውሃ ግን ላዩ ላይ ጠንካራ ቅርፊት ይሠራና ይተኛል። አለች ለመባል ያህል ታስራ ትኖራለች እንጂ አትሠራም። ለጨው አልባ ውሃ የሚሆነው ማግኒዥየም ነው፤ እሱ ከጠፋ ለአኖድነት የተሠራ አሉሚኒየም።

የእኛ ሐይቅ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ከአርዲቦ ሐይቅ በአንከርካ ወንዝ ውሃ ይቀበላል፣ በወንዝ መልሶ የሚሰጠው ግን የለም። ውሃው እንደ ባሕር ጨዋማ ባይሆንም አልካሊነቱ ከፍ ያለ ነው፤ ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድና የአልካሊ መለኪያው፣ 9 አካባቢ ይደርሳል። አሉሚኒየምን ከመበላት የሚጠብቀው በላዩ ያለው ስስ ቆዳው ነው፤ ያ ቆዳ ፒኤች ከ8.5 ሲያልፍ መሟሟት ይጀምራል። ስለዚህ "ጨው የለው፣ ምን ያደርገዋል?" ብሎ መተኛት አያዋጣም።

ያለችህ አኖድ ከምን እንደተሠራች ካላወቅህ በእጅህ መዝናት። ዚንክ ለመጠኑ ከባድ ነው፤ አሉሚኒየም የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ማግኒዥየም ከሁሉም ይቀላል። ከተጠራጠርክ ጥግዋን በሞረድ ፋቅና አንድ ጠብታ አቼቶ ጣልባት። ማግኒዥየም ወዲያው ይንፈቀፈቃል፤ አሉሚኒየም ዝም ይላል። ይህን ከኩሽና በሚመጣ ዕቃ መለየት እየተቻለ ስንት ሰው በግምት ይገዛል።

ሁለተኛው ምክንያት ቀለም ነው። ሞተሩን ለማሳመር ሲቀቡ አኖዷንም አብረው ይቀቧታል። የተቀባች አኖድ አፏ የተለጎመ በሬ ናት። ቀለሙን በሽቦ ብሩሽ አንሳላት፣ ሌላ አትፈልግም።

ሦስተኛው የመነካካት ጉድለት ነው። አኖዷና የሞተሩ ብረት መካከል ቀለም፣ ዝገት፣ ግራሶ ወይም ሲሊኮን ካለ ትክክለኛውን ብረት ብታስርም ዋጋ የለውም። ቴስተርህን (የኤሌክትሪክ መለኪያህን) ኦም ላይ አድርገህ አንዱን ጫፍ በተፋቀ የአኖዷ ገላ፣ ሌላውን በሞተሩ ንጹህ ብረት ላይ አስነካ። ከ1 ኦም በታች ካነበበ ደህና ነው። ከዚያ ከበለጠ ፈትተህ ሁለቱንም ፊት በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ አጽዳ፣ ብሎኑንም ሮንዴላውንም አትርሳ፣ መልሰህ እሰርና ድጋሚ ለካ።

ምልክት፦ አኖዷ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ አለቀች

ይኼ የተገላቢጦሹ ነው፤ እዚህ ደግሞ አብዛኛው ሰው "ርካሽ ዕቃ ሸጡልኝ" ይላል። መጀመሪያ የሚታየው ኤሌክትሪክ ነው። ከጀልባው ወለል ውሃ የሚያወጣው ትንሹ ፓምፕ ሽቦው ተልጦ ውሃ ውስጥ ከተኛ፣ ከባትሪው የሚያመልጠው ጅረት አኖዷን ጨርሶ ወደ እግሩ ይሻገራል። እንዲህ ያለው ጅረት በተፈጥሮ ከሚሆነው መበላት እጅግ ይፈጥናል። ሁሉንም ማብሪያ አጥፋ፣ የባትሪውን ማሳ (የኔጋቲቩን ገመድ) ንቀል፣ ቴስተርህን ሚሊአምፔር ላይ አድርገህ በተነቀለው ገመድና በባትሪው መካከል አስገባ። ሁሉ ነገር ጠፍቶ ሳለ ጅረት ካሳየ ፊውዝ በፊውዝ እየነቀልክ ሌባውን ፈልግ። ሲያድር ማሳውን ነቅሎ መሄድ ደግሞ ነፃ መድኃኒት ነው።

ሽቦው ንጹህ ከሆነ በቅርቡ ምን እንደቀየርክ አስብ። የአሉሚኒየም ፕሮፔለር አውልቀህ የማይዝግ ብረት ከገጠምክ አኖዷ የምትሸከመው ጨምሯል፤ ቶሎ ማለቋ ሥራዋን መሥራቷ ነው። ማግኒዥየም ያሰርክበትን ሞተር ጅቡቲ ወስደህ ባሕር ላይ ከነዳኸውም ወዲያው ነው የምታልቀው፤ ለጨው ውሃ ዚንክ ወይም አሉሚኒየም ነው። አንድ ሞተር ላይ ማግኒዥየምና ዚንክ ማደባለቅም አይሆንም፣ ማግኒዥየሙ ዚንኩን ሲያድን ያልቃል።

ምልክት፦ ከጎን የሚተፋው ውሃ ቀጠነ፣ ሞተሩ ይሞቃል

አስቀድሜ ልንገርህ፣ በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው የውሃ ፓምፑ ላስቲክ ነው፣ ቀጥሎ ተርሞስታቱ። እነሱ ደህና ከሆኑ ግን ብዙ ሰው መኖራቸውን የማያውቃቸው የውስጥ አኖዶች አሉ። በብዙ ባለ አራት ምት ሞተሮች ላይ ሞኖብሎኩና (የሞተሩ ገላ) ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ በትንሽ ክዳን የተዘጉ ናቸው፤ ማቀዝቀዣው ውሃ በሚያልፍበት ቦይ ውስጥ ይቀመጣሉ። ሲያልቁ ፍርካሻቸው ቦዩን ይዘጋል። ክዳኑን ስትፈታ አትታገል። ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ነክተህ አሳድረው፣ በማግስቱ በመዶሻ በቀስታ አንኳኳና ወዲያ ወዲህ እያልክ ፍታ። አሉሚኒየም ውስጥ የተሰበረ ብሎን ማውጣት አኖድ ከመግዛት ብዙ እጥፍ ያስወጣል፣ እኔን ይጠቅመኛል አንተን ግን አይጠቅምህም። ፍርካሹን አውጥተህ ቦዩን በንጹህ ውሃ አጥበህ፣ አዲሱን አኖድ ከአዲስ ጎማ ቀለበት ጋር ግጠም።

ምልክት፦ አኖዷ ተወዛወዘች ወይም ወድቃ ጠፋች

ብሎኑ ዙሪያ ቀድማ ተበልታለች ማለት ነው። ግማሿ ሲያልቅ መቀየር ነበረባት። አዲስ ስትገዛ በቡና ሚዛን መዝነህ ክብደቷን ጻፍ፤ ግማሽ ስትደርስ የምትቀየርበት ቀን ደረሰ ማለት ነው። በዓይን መገመት ያሳስታል፣ ቅርጿ ሳይጠፋ ውስጧ እንደ ስፖንጅ ይቦረቦራል።

ስትቀይር አንድ ጥንቃቄ አለ። ከፕሮፔለሩ በላይ እንደ ዓሣ ክንፍ የተሠራችው አኖድ መሪውንም ታግዛለች። ከመፍታትህ በፊት ያለችበትን አቅጣጫ በማርከር አስምር፤ አለዚያ ጀልባው ወደ አንድ ጎን ይጎትትሃል፣ ምክንያቱንም ስትፈልግ ትከርማለህ።

ከቆራሌው የተገዛ አሉሚኒየም አቅልጠው አኖድ የሚያወጡም አጋጥመውኛል። ድስት ለመሥራት ያ ብረት ድንቅ ነው። ለአኖድ ግን ከንቱ ነው። የአኖድ አሉሚኒየም ጥቂት ዚንክና ኢንዲየም የሚባል ብረት ሆን ተብሎ ይቀላቀልበታል፣ ቆዳው እንዳይደርቅና እንዲበላ። የድስቱ አሉሚኒየም ቆዳውን አድርቆ ይቀመጣል፤ መዳብ ከተቀላቀለበት ደግሞ ይባስ ብሎ እግሩን ያስበላዋል።

የአያን ሞተር እግሩን ፍቄ፣ ሞልቼ፣ ቀብቼ፣ ማግኒዥየም አሰርኩበት። በአምስተኛው ወር ስልክ ደወሉ፣ ድምፃቸው ቁጣ አለው። "አንተ ልጅ፣ ያሰርክልኝ አኖድ ብል እንደበላው ጋቢ ሆናለች፤ የድሮዋ ሦስት ዓመት ንክች ሳትል!" "እግሩስ እንዴት ነው አያ?" አልኳቸው። ዝም አሉ። ሄደው ሲያዩት ይሰማኛል፣ ውሃው ይንቦጫቦጫል። "እሱስ ደህና ነው" አሉ በመጨረሻ፣ "ቀለሙም አልተነካ።" "ግማሿ ስትቀር ሌላ አዘጋጅልዎታለሁ" ብያቸው ዋጋ ወደ መከራከር ገባን።