አፍንጫ ላይ የሚነጣጠል ፋውንዴሽን፦ በመጨረሻ የሠራው

ጠዋት 2 ሰዓት የተቀባው ፋውንዴሽን (የፊት ቀለም ማስተካከያ ቅባት) 6 ሰዓት ሳይሞላ አፍንጫ ዳርና አገጭ ላይ እንደ አይብ ይፈረፈራል፤ ግንባር ያብለጨልጫል። ጅማ ክረምት ላይ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ላቡ ቶሎ አይደርቅም፣ ይብሳል።

መጀመሪያ የተሞከረው ፊትን በቀን አራቴ በሳሙና መታጠብ ነበር። ቆዳው ተወጠረ፣ ተላላጠ፤ ወዙ ግን ተመለሰ። ቀጥሎ ማለስለሻውን መተው፤ እሱም ፋውንዴሽኑ የተላላጠው ላይ እንዲያዝ ብቻ አደረገ። በወዙ ላይ ፓውደር መደራረብማ ሊጥ ማቡካት ነው።

መፍትሔው የተገኘው የፋውንዴሽኑንና ከሱ በፊት የሚቀባውን የፕራይመር ዕቃ ጀርባ በማንበብ ነው። የፕራይመሩ ዋና ንጥረ ነገር ዳይሜቲኮን፣ ማለትም ሲሊኮን ነው፤ ፋውንዴሽኑ ደግሞ በውሃ የተሠራ፣ ሲሊኮን የሌለበት። ሁለቱ አንዳንዴ አይያያዙም፤ ከላይ ያለው ይንሸራተታል። ፕራይመሩ ቀረ።

አሁን ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ለስላሳ የፊት ማጠቢያ ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ። ጠዋት ከታጠቡ በኋላ ቀለል ያለ ጄል ማለስለሻ፣ ከዚያ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ)፤ 10 ደቂቃ ይጠበቅ (ይህን መዝለል ሁሉንም ያበላሻል)። ፋውንዴሽን ለሙሉ ፊት አንድ ጭምቅ ይበቃል፤ በረጠበና በደንብ በተጨመቀ ስፖንጅ እየተጫኑ እንጂ እየፈተጉ አይደለም። አፍንጫ ላይ ስፖንጁ ላይ የቀረችው ትበቃለች። ፓውደር ግንባር፣ አፍንጫና አገጭ ላይ ብቻ፣ በፓፍ ተጭኖ።

ቀትር ላይ ሶፍቱን ለሁለት ገንጥሎ አንዱን ስስ ንጣፍ 10 ሰከንድ መጫን፣ ሳይጎትቱ ማንሳት። ፓውደር ካስፈለገ ከዚያ በኋላ። ርካሹ ሶፍት ብናኝ ይተዋል፣ ተጠንቀቁ።