ጨለማው የማን ነው?

የቴአትራችን አዘጋጅ የሁለተኛው ገቢር መጨረሻ ላይ ድፍን ጨለማ ይፈልጋሉ። መብራቱን የምይዘው እኔ ነኝ። በልምምድ አንዷ ተዋናይ ደረጃው አደናቅፏት ወደቀች፤ ደግነቱ ጉልበቷ ብቻ ተላጠ። ከዚያ ወዲህ ለማንም ሳልናገር ሰማያዊውን መብራት 10 ፐርሰንት ላይ መተው ጀመርኩ።

እዚህ ላይ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። በሦስተኛው ቀን ነቁብኝ። “አዘጋጁ አንተ ነህ እንዴ?” አሉኝ፣ ሰው ሁሉ ፊት። ሁለት ቀን አኮረፍኩ።

በኋላ ሄጄ “ጋሼ፣ ጨለማው የእርስዎ ነው። እስቲ አንዴ የራስዎ እግር ይሞክረው” አልኳቸው። መድረኩ ላይ ወጡ፣ መብራቱን አጠፋሁ። ግድግዳ እየዳበሱ ነው የወረዱት! ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ እኛ የምንሰጠው 6 ሰከንድ ነው።

ሰማያዊውን መብራት ጨርሶ ተውኩት። የደረጃው ጠርዝ ላይ በጨለማ የሚያበራ ቴፕ በትንንሹ ቆርጬ ለጠፍኩ። ቴፑ ብርሃን ካልጠገበ አያበራም፤ ስለዚህ ተመልካች ከመግባቱ በፊት ፓውዛ አበራበታለሁ። ተዋናይቷም መብራት ከመጥፋቱ በፊት አንድ ዓይኗን ትጨፍናለች። የጨፈነችው ዓይን ጨለማውን ቀድሞ ይለምዳል፤ ብዙ ባይሆንም ይረዳል።

ከዚህ በኋላ መብራት ያለሳቸው ፈቃድ አይቀየርም። አደጋ ካለ ግን ማንም “አቁም!” ማለት ይችላል፤ መጀመሪያ ይቆማል፣ ክርክሩ በኋላ ነው።

ትናንት ፎቅ ላይ ተቀምጠው አዩና “ቴፑ ይታያል” አሉኝ። ግማሹን ላጥኩት።