የኤስ ኤል ኬ ካምቢዮና ዲፈረንሻል ዘይት ሲቀየር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሞተር ዘይት መቀየር የለመደ ሰው ካምቢዮውንም እንደዚያው አቅልሎ ያየዋል፤ አፍስሶ፣ ሞልቶ፣ በዘንጉ ለክቶ መሄድ። በመርሴዲስ ኤስ ኤል ኬ አር 170 ላይ ግን ይህ ልማድ ዋጋ ያስከፍላል። ይህች ባለ ሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1996 እስከ 2004 ብሬመን ውስጥ ተመርታለች። አውቶማቲክ ከሆነች የያዘችው ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ 722.6 ይባላል። ጠንካራ ካምቢዮ ነው፤ የሚፈራው ዘይቱን የሚቀይርለትን ሰው ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

«ዘይቱ የዕድሜ ልክ ነው» ብሎ ማመን

ካምቢዮው ሲወጣ አምራቹ ዘይቱ መቀየር አያስፈልገውም ብሎ ነበር። ኋላ ላይ ሐሳቡን ለውጦ በ60,000 ኪሎ ሜትር እንዲቀየር አዘዘ። «የዕድሜ ልክ» ሲባል የማን ዕድሜ እንደሆነ ግን የነገረን የለም። ከ20 ዓመት በላይ የሆናትን መኪና ሲገዙ የቀድሞው ባለቤት «ተቀይሯል» ቢልዎት ደረሰኝ ይጠይቁ፤ ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየረ ይቁጠሩት። በሌላ በኩል ማርሹ መንሸራተት የጀመረን ካምቢዮ አዲስ ዘይት ይፈውሰዋል ብለው አይጠብቁ። ያለቀ ክላች በዘይት አይተካም።

ማፍሰሻውን ከመሙያው በፊት መፍታት

ይህን ስህተት የማውቀው ከራሴ ነው። ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው የማርሽ ሳጥን) ላይ ሁለት ብሎኖች አሉ፤ ከታች ማፍሰሻው፣ ከጎን መሙያው። ሁለቱም የሚፈቱት በ14 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ ሲሆን በተለመደው የቁልፍ ስብስብ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም። እኔ ቁልፉን ገዝቼ፣ መኪናዋን አንስቼ፣ ማፍሰሻውን ፈትቼ ዘይቱ ሲንጠባጠብ በኩራት አየሁ። ከዚያ መሙያው እምቢ አለ። ዝጎ ተጣብቋል። ዕለቱ እሑድ ነበር፤ በጀርመን እሑድ የመለዋወጫ ሱቅ አይከፈትም። ሰኞ ጠዋት መኪናዬን ዲፈረንሻሏ እንደደረቀ መደገፊያ ላይ ትቻት በባቡር ወደ ሥራ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ መሙያውን ሳልፈታ ማፍሰሻውን ነክቼ አላውቅም።

መሙያው ከተፈታ የቀረው ቀላል ነው። ዘይቱ ወፍራም ስለሆነ ብሎኖቹን ከመንካትዎ በፊት ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድተው ያሙቁት። ሲሞሉ መኪናዋ አግድም መቆም አለባት። የኋላውን ብቻ በክሪክ አንስቶ መሙላት ልኩን ያዛባል። (በክሪክ ብቻ በተደገፈ መኪና ሥር መግባት ደግሞ ልክ ማዛባት ብቻ አይደለም፤ ሕይወት ማጥፋት ነው።) አንድ ሊትር ገደማ ይወስዳል፤ በመሙያው ቀዳዳ መልሶ መንጠባጠብ ሲጀምር ሞልቷል ማለት ነው። መንሸራተት ለሚገድቡ ዲፈረንሻሎች የሚጨመረውን ልዩ ቅመም ሻጩ ቢያቀርብልዎት አመስግነው ይለፉት። የዚህች መኪና ዲፈረንሻል በውስጡ መንሸራተትን የሚገድብ ክላች የለውምና ለባዶ መክፈል ነው።

በቀለም መግዛት

የካምቢዮ ዘይት ቀይ ስለሆነ «ቀይ ሁሉ አንድ ነው» የሚሉ አሉ። ይህ ካምቢዮ ግን ቶርክ ኮንቨርተሩን (የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈውን ክፍል) ሲቆልፍ ክላቹን በመጠኑ እያንሸራተተ ስለሚሠራ፣ ተራ ዘይት ሲገባበት በመካከለኛ ፍጥነት መንዘፍዘፍ ይጀምራል፤ ጎማው ሻካራ መንገድ ላይ የወጣ ይመስላል። መርሴዲስ 236.14 ብሎ የሰየመውን መስፈርት የሚያሟላ ዘይት ይፈልጉ፤ ቁጥሩ ጣሳው ላይ መጻፉን በዓይንዎ ይዩ።

ያለ ልክ መሙላት

ዋናው ጥፋት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። የካምቢዮው መለኪያ ቱቦ ሲከፈት ውስጡ ባዶ ነው፤ ዘንግ የለውም። ዘንጉ የጋራዥ መሣሪያ ስለሆነ ለብቻው ይገዛል። ክዳኑን የቆለፈው ቀይ የፕላስቲክ ካስማም ሲከፈት ስለሚሰበር አዲሱን ቀድመው ይያዙ።

አንዳንዱ ሞተር አጥፍቶ ይለካል። ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ ወደ ታች ስለሚወርድ ልኩ ከእውነቱ በላይ ይታያል፤ ሰውየው «በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል፣ ፓምፑም አየር ይስባል። ሌላው ዘይቱ ሳይሞቅ እስከ ላይኛው ምልክት ይሞላል። ዘይቱ ሲሞቅ ይሰፋል፤ የሚሽከረከሩት ክፍሎች እየመቱት አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ግፊት አይዝም። ትክክለኛው ልክ የሚወሰደው ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ፒ ላይ ሆኖ፣ ዘይቱ 80 ዲግሪ ሲደርስ ነው።

የዘይቱን ሙቀት በኮምፒውተር ለማንበብ ሲሞክሩ የሚያሳስት ነገር አለ። የሙቀት መለኪያው ሞተር ማስነሻን ከሚቆጣጠረው ማብሪያ ጋር በአንድ መስመር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ማርሹ ፒ ወይም ኤን ላይ እያለ የካምቢዮው መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር የዘይቱን ሙቀት አያውቅም፤ በምትኩ የሞተሩን ውሃ ሙቀት ይወስዳል። ውሃው 80 ሲደርስ ዘይቱ ገና ለብ ያለ ሊሆን ይችላል። ፍሬን ረግጠው ዲ ውስጥ ያስገቡ፣ ሙቀቱን ያንብቡ፣ ወደ ፒ ይመልሱና ይለኩ።

በድፍን ግምት ላለመጀመር የፈሰሰውን ዘይት በሊትር ይለኩትና ያንኑ ያህል ሞልተው ሞተሩን ያስነሱ። ካምቢዮው ሥር ካለው የዘይት ሳህን ብቻ የሚወርደው ከጠቅላላው ወደ ግማሽ ነው። በቀደሙት ካምቢዮዎች ቶርክ ኮንቨርተሩም ማፍሰሻ ብሎን አለው፤ እርሱም ከተፈታ ወደ 8 ሊትር ይደርሳል። መኪናዋ ዘይት ስታንጠባጥብ የኖረች ከሆነ ግን የፈሰሰው ራሱ ጎዶሎ ስለነበር የመጨረሻውን ቃል ለዘንጉ ይተዉ።

ትንሿን የኤሌክትሪክ መሰኪያ መርሳት

ካምቢዮው ጎን 13 እግር ያለው መሰኪያ ይገባል። በመሰኪያው ማቀፊያ ላይ ያሉት የጎማ ቀለበቶች በዕድሜ ይደርቁና ዘይት ያሳልፋሉ። ዘይቱ መሬት ላይ ቢንጠባጠብ ደግ ነበር፤ በሽቦዎቹ ውስጥ እንደ ኩራዝ ክር ወደ ላይ እየተሳበ እስከ ካምቢዮው መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ይደርሳል። ማቀፊያው ርካሽ ነው፤ ኮምፒውተሩ አይደለም። ዘይቱ ፈስሶ ሳለ ይቀይሩት።

የሳህኑን ብሎኖች አለመጠን ማጥበቅ

8 ኒውተን ሜትር (በቶርክ ቁልፍ የሚለካ የማጥበቂያ ልክ) ይበቃቸዋል። ጋስኬቱንና ፊልትሮውን ይቀይሩ፤ ሳህኑን ክር በማይለቅ ጨርቅ ይጥረጉ። ማግኔቱ ላይ እንደ ቅባት የለሰለሰ ግራጫ ነገር ቢያዩ አይደንግጡ፤ የተለመደ ድካም ነው። የብረት ስባሪ ካገኙ ግን አዲሱን ዘይት ሳይሞሉ ካምቢዮ የሚያውቅ መካኒክ ይጥሩ።

አሮጌውን ዘይት የትም አይድፉት። በጀርመን ዘይት የሸጠ ሱቅ የሸጠልዎትን ያህል አሮጌ ዘይት የመቀበል ግዴታ ስላለበት ደረሰኙን ይዘው ይሂዱ። የካምቢዮውንና የዲፈረንሻሉን ዘይት ከፍሬን ዘይትና ከራዲያተር ውሃ ጋር አይቀላቅሉ፤ ከተቀላቀለ አይቀበሉዎትም።