ማሽኑ ምንም ሳይነካ «ነካሁ» ብሎ ሲቆም

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በትንሽ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ መቅረጫ ማሽን) የዋንዛ በርና የሱቅ ታፔላ እቀርጻለሁ። ከቡሬም ከሞጣም የሚደውሉልኝ የሙያ ጓደኞቼ ችግራቸው ተመሳሳይ ነው፦ ማሽኑ ሥራ መሀል ቀጥ ይላል፣ ስክሪኑ ላይ «አላርም 1» (ሊሚት ተነካ ማለት ነው) ይወጣል፣ የጉዞውን ጫፍ የሚጠብቀውን ሊሚት ስዊች ግን የነካው የለም። አንዱ የፍኖተ ሰላም ልጅማ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ዛር አለበት፤ ሊሚቱን ላጥፋውና ልገላገል?» አለኝ። ቆይ፣ መጀመሪያ ምን እንዳቆመው እንወቅ አልኩት።

የምናገረው ጂአርቢኤል 1.1 የተባለው ማሽን መሪ ፕሮግራም ስለተጫነበት አርዱዊኖ ኡኖ ቦርድ ነው። ማሽኑ እንደቆመ ከቦታው ሳታንቀሳቅሱት ሪሴት (Ctrl-X) አድርጉና የጥያቄ ምልክት (?) ላኩለት። በመልሱ ውስጥ «ፒኤን» (Pn) ከሚለው ቀጥሎ የኤክስ፣ የዋይ ወይም የዜድ ፊደል ካለ ስዊቹ በእርግጥ ተጭኗል፣ አለዚያም ሽቦው ተበላሽቷል። ፊደል ከሌለ ብልጭ ብሎ የጠፋ ምልክት ነው፤ ኖይዝ (ከሌላ ዕቃ የሚገባ የኤሌክትሪክ ረብሻ) ብላችሁ ጀምሩ። ጂአርቢኤል እንደመጣ ከሆነ ሊሚቱ በእርግጥ መነካቱን ዳግመኛ አያጣራም፣ የቅጽበት ብልጭታ ይበቃዋል። አላርም ሳይሰጥ የጂአርቢኤል የመነሻ መስመር መሀል ላይ ብቅ ካለ ግን ቦርዱ ራሱ ጠፍቶ በርቷል፤ ፓወር ሰፕላዩንና ዩኤስቢውን ፈትሹ።

ቀጥሎ ቢቱን (መቁረጫውን) ከፍ አድርጋችሁ ያንኑ ፕሮግራም በአየር ላይ አስኪዱት። መጀመሪያ ስፒንድሉ (ቢቱን የሚያሽከረክረው ሞተር) ጠፍቶ፣ ከዚያ በርቶ፣ ከዚያ ብናኝ የሚመጠው ቫኪዩም ተጨምሮ። በአንዴ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ስፒንድል ሲበራ ብቻ ከቆመ ጥፋቱ የቪኤፍዲው (የስፒንድሉን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ሳጥን) ነው። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ በኬብል ሰንሰለቱ ውስጥ የተሰበረ ሽቦ ፈልጉ። ጎረቤት ብየዳ ሲጀምር ከሆነ ከመስመሩ ይመጣል። በበጋ ቫኪዩም ሲሠራ ከሆነ ደግሞ ደረቅ ብናኝ በፕላስቲክ ቱቦ ሲያልፍ የሚፈጥረው ስታቲክ ነው፤ በቱቦው ላይ ራቁት የመዳብ ሽቦ ጠምጥማችሁ ከግራውንድ ጋር አገናኙት። ክረምት ላይ አየሩ ስለሚረጥብ ይህ ችግር ይቀንሳል።

የፍኖተ ሰላሙ ልጅ ስፒንድሉ ጠፍቶ ማሽኑ አልቆመበትም። የስፒንድሉን ኬብልና የሊሚቱን ቀጭን ሽቦ በአንድ ላይ አስሯቸው ኖሯል። ቪኤፍዲ 220 ቮልቱን ወደ 310 ቮልት ገደማ ዲሲ ይቀይርና በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየቆረጠ ይልካል፤ አጠገቡ ያለ ቀጭን ሽቦ እንደ አንቴና ይቀበለዋል። ሁለቱን ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር አራርቁ፤ መገናኘት ግድ ከሆነ በመስቀል ቅርጽ ይተላለፉ። የሊሚቱ ኬብል ሺልድ (ሽቦውን የሚከብ የብረት ሽፋን) ያለው ይሁን፣ ሺልዱም በቦርዱ በኩል ብቻ ግራውንድ ይደረግ። የስፒንድሉ ኬብል ሺልድ ግን በሁለቱም ጫፍ ይታሰራል። ርካሽ ስፒንድሎች ላይ አራተኛው የሶኬት እግር ከብረት አካሉ ጋር ያልተገናኘ ይገኛል፤ በቴስተር ለኩት። ቪኤፍዲውን ከመክፈታችሁ በፊት ከሶኬት ነቅላችሁ 10 ደቂቃ ጠብቁ፣ ካፓሲተሩ ጠፍቶም ይገድላል።

ግራውንድ ካልኩ አይቀር፣ ሶኬቱ ግራውንድ ያለው ስለመሰለ ብቻ አትመኑት። በፌዝና በግራውንድ መሀል ቴስተሩ 220 አካባቢ ካላሳየ ግራውንድ የለም። አንዳንዱ ኒውትራሉን ከግራውንድ እግር ጋር አጣምሮ ይገላገላል። በፍጹም! ኒውትራሉ የተበጠሰ ዕለት የማሽኑ አካል በሙሉ 220 ቮልት ይሆናል። ኤሌክትሪሻን ጠርታችሁ ዘንግ አስቀብሩ፤ አፈሩ በበጋ ስለሚደርቅ ውኃ አጠጡት።

ከዚያ ስዊቹ። ባለ ሦስት እግሩ ስዊች በብዛት በኤንኦ (ስዊቹ ሲነካ ብቻ በሚገናኘው እግር) ይታሰራል፤ ያኔ ሽቦው የሚደገፈው በቺፑ ውስጥ ባለው ከ20 እስከ 50 ኪሎ ኦም ደካማ ፑልአፕ (ፒኑን ወደ 5 ቮልት የሚስብ ሬዚስተር) ብቻ ነው። ወደ ኤንሲ (ስዊቹ ሲነካ ወደሚለያየው እግር) ቀይሩት። ዘወትር ከግራውንድ ጋር ስለተዘጋ ኖይዙ ጉልበት ያጣል፣ ሽቦው ቢበጠስም ማሽኑ ወዲያው ይናገራል። በአንድ አክሲስ ሁለት ስዊች ካለ በተከታታይ እሰሯቸው፣ ከዚያ ቦርዱ ምልክቱን ገልብጦ እንዲያነብ $5=1 በሉ። ካልበቃ ከፒኑ ወደ 5 ቮልት 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ከፒኑ ወደ ግራውንድ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ቦርዱ አጠገብ ጨምሩ። «ስዊቹ ይዘገያል» ለሚሉኝ፦ መዘግየቱ ግማሽ ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው፤ በደቂቃ 1,000 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ማሽን በዚያ ጊዜ ከአንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር በታች ነው የሚጓዘው። ኦፕቶካፕለር (ምልክቱን በብርሃን የሚያሻግር ክፍል) ያለው ቦርድ ካገኛችሁ ደግሞ የተሻለ ነው።

ሊሚቱን በ$21=0 ማጥፋት የምፈቅደው ለፍተሻ፣ ወይም ሆሚንግ (ማሽኑ መነሻ ቦታውን በስዊቾቹ የሚያገኝበት ጉዞ) ተሠርቶ የሶፍትዌር ሊሚቱ በ$20=1 በርቶ ከሆነ ብቻ ነው። አላርም 1 ከመጣ በኋላ ደግሞ በ$X ከፍታችሁ ካቆመበት አትቀጥሉ፤ ማሽኑ የት እንዳለ ጠፍቶበት ሊሆን ስለሚችል ሆሚንግ ድገሙ።