ሬቪት ላይ መስኮት አልቀመጥ ሲል

የሕንፃ መንደፊያ ሶፍትዌሩ ሬቪት ላይ መስኮት ራሱን ችሎ አይቆምም። የተሸከመው ግድግዳው ነው፤ ግድግዳውን ስታጠፉት መስኮቱም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ መስኮት ሲያስቸግር ፋሚሊውን (የመስኮቱን ሞዴል) ከመቀየራችሁ በፊት ግድግዳውንና ከፍታውን እዩ።

አስገብቼዋለሁ፣ ፕላን ላይ ግን አይታይም

አብዛኛውን ጊዜ የሻወር ቤት መስኮት ነው። ፕላን ማለት ቤቱን በሆነ ከፍታ ቆርጦ ወደ ታች ማየት ነው፣ በሜትሪክ ቴምፕሌት ደግሞ «ከት ፕሌን» (መቁረጫው) የሚመጣው 1200 ሚሊሜትር ላይ ስለሆነ፣ ከ1.60 ሜትር የሚጀምር መስኮት ከመቁረጫው በላይ ይቀርና ግድግዳው ድፍን ይመስላል። «ቪው ሬንጅ» ገብቶ የፎቁን ሁሉ መቁረጫ ከፍ ማድረግ ይቻላል፣ እኔ ግን አልመክርም። የደረጃው መቁረጫ መስመር ቦታውን ይለቃል፣ ሌላም ነገር ይነካካል። ከ«ቪው» ታብ «ፕላን ሪጅን» አውጡና ሻወር ቤቱን ብቻ ከባችሁ እዛው ላይ ከፍ አድርጉት።

ልኬቱ ከሳይቱ ጋር አይገጥምም

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መጀመሪያ ጎኑን እንይ። መስኮቱን ስትነኩት የሚመጡት ጊዜያዊ ልኬቶች ከግድግዳው መሀል ተነስተው ሊሆን ይችላል፤ በ20 ብሎኬት ይሄ የ10 ሴንቲሜትር ልዩነት ነው። «ማኔጅ»፣ «አዲሽናል ሴቲንግስ»፣ «ቴምፖራሪ ዳይሜንሽንስ» ግቡ። «ፌስስ» (የግድግዳው ገጽ) ብትሉት ልስኑንም ይቆጥራል፣ ግንበኛው ደግሞ ሲሠራ ልስን የሚባል ነገር ገና የለም፣ ሜትሩን የሚይዘው ከብሎኬቱ ነው። ስለዚህ «ፌስስ ኦፍ ኮር» (የኮሩ፣ ማለትም የብሎኬቱ ገጽ) ይሻላል፣ ልስኑ በግድግዳው አይነት ውስጥ ከኮሩ ውጪ እስከተቀመጠ ድረስ።

ከፍታው ላይ ደግሞ «ሲል ሃይት» (የመስኮቱ ግርጌ ከፍታ) የሚለካው ከሌቭሉ፣ ማለትም ከፎቁ የከፍታ መስመር ነው። ሌቭላችሁ ስላቡ ላይ ከሆነና ሊሾና ሴራሚኩ 5 ሴንቲሜትር ከያዙ፣ 1 ሜትር ያላችሁት መስኮት ቤቱ ሲያልቅ 95 ሴንቲሜትር ነው።

ቋሚውን ልኬት ብነካውም መስኮቱ አይንቀሳቀስም

መጀመሪያ መስኮቱን ምረጡ፣ ከዛ ቁጥሩን ጻፉ። ሬቪት ምን እንደሚያንቀሳቅስ የሚያውቀው እንደዛ ነው።

ሬቪት «ግድግዳውን መቁረጥ አልቻልኩም» ይላል

መስኮቱ ከግድግዳው ወጥቷል ማለት ነው። ወይ ግድግዳውን አሳጥራችሁታል፣ ወይ ፕሮጀክቱ በሜትር ሆኖ 900 ጽፋችኋል፣ መስኮቱም ሰማይ ቤት ደርሷል። መልእክቱ ላይ ያለውን «ዲሊት» እንዳትጫኑት፣ መስኮቱ ይሄዳል። «ካንስል» በሉና ቁጥሩን አስተካክሉ።

ከውጭ ይታያል፣ ከውስጥ ግን ግድግዳው ድፍን ነው

ልስኑን ወይም ክላዲንጉን (የግድግዳ ሽፋኑን) እንደ ሌላ ግድግዳ አስጠግታችሁ ስላችሁታል። መስኮቱ የሚቀድደው የተቀመጠበትን ብቻ ነው። «ጆይን ጂኦሜትሪ» ይዛችሁ ሁለቱን ግድግዳዎች በየተራ ንኳቸው፣ ቀዳዳው ሁለቱንም ያልፋል።

ቀሪዎቹ ቀላል ናቸው። ውስጡ ወደ ውጭ ከዞረ መርጣችሁት ስፔስ ባር ምቱ። ወደ ሌላ ግድግዳ ልትወስዱት ከፈለጋችሁ «ፒክ ኒው ሆስት» አለ፣ አጥፍቶ እንደገና ማስገባት አያስፈልግም። ከርተን ዎል (በፓነል የተከፋፈለ የመስታወት ግድግዳ) ላይ ግን ተራ መስኮት አይገባም፤ አንዱን ፓነል በታብ ቁልፍ መርጣችሁ ፒኑን (የመቆለፊያ ምልክቱን) ንቀሉና ለከርተን ዎል በተሠራ የመስኮት ፓነል ቀይሩት።